ኢንተርኔቱ ዘገየ ከማለት በፊት

በዛሬው ጊዜ በብዙ ቤቶች ውስጥ በየምሽቱ ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ «ኢንተርኔቱ ዘገየ» የሚል ነው። አቤቱታው ከተሰማ በኋላ ፍርድ ለመስጠት የሚፈጀው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አባት ኩባንያውን ያማርራሉ፤ እናት ታናሹን ልጅ ይቆጣሉ፤ ታላቅ ወንድም ደግሞ ወርኃዊውን ክፍያ ጨምሮ ከፍ ያለ ፍጥነት መግዛት ብቸኛው መድኃኒት መሆኑን ያስረዳል። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ከሦስቱ አንዳቸውም ግን ነገሩን አልመረመሩም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የሚከተለው ነው። በቤቱ የኢንተርኔት መስመር ያስገባ ቤተሰብ ራውተር የሚባለውን መሣሪያ ራሱ አስተካክሎ ማቆም፣ ፍጥነቱም ሲቀንስ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ ፈልጎ ማግኘት ይገባዋል። በቤተሰቡ ውስጥ ይህን ኃላፊነት ለመውሰድ ከሁሉ ይልቅ የተመቻችሁት ደግሞ እናንተ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናችሁ። ይህን የምለው ሥራው ቀላል ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ ከቤተሰቡ ኪስ ያላግባብ ገንዘብ ያስወጣል፤ ጥፋት የሌለበትን ሰው ያስወቅሳል፤ እውነተኛው ጥፋተኛም ሳይታወቅ እንዲቀር ያደርጋል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ጭምር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ በመጀመሪያ መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ቤታችሁ የሚመጣው መረጃ ጉዞው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከልዩ ልዩ አገሮች ተነሥቶ አገልግሎት እስከሚሰጠው ኩባንያ ድረስ ያለው ረጅም መንገድ ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት፣ ከውጭ የሚመጣው መረጃ በባሕር ወለል ላይ ከተዘረጉት ገመዶች ወጥቶ እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉት ጎረቤት አገሮች በኩል በየብስ ይገባል። ሁለተኛው ከኩባንያው ጣቢያ እስከ ቤታችሁ ድረስ ያለው መስመር ነው። ይህ መስመር የመዳብ የስልክ ሽቦ፣ ወይም ብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር ማለትም ፋይበር፣ ወይም ደግሞ ከአንቴና ማማ የሚመጣ የሬድዮ ሞገድ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ከራውተሩ ተነሥቶ በእጃችሁ እስካለው ስልክ ወይም በጠረጴዛችሁ ላይ እስካለው ኮምፒዩተር ድረስ በቤታችሁ አየር ውስጥ የሚያልፈው አጭር መንገድ ነው። ዋይፋይ የሚባለው ይኸው የመጨረሻው መንገድ ነው።

ነገሩን ከቧንቧ ውሃ ጋር ብናነጻጽረው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ውሃ ከማጠራቀሚያው ተነሥቶ በዋናው ቧንቧ አልፎ ወደ ግቢያችሁ ይገባል፤ ከዚያም በጎማ ወደ አትክልቱ ይደርሳል። ጎማው ተጣጥፎ ውሃው ቢያንስ፣ ቆጣሪውን ሳይመለከት የውሃ መሥሪያ ቤቱን የሚከስ ሰው ፍርድ አጓድሏል። ዋይፋይም ልክ እንደዚያ ጎማ ነው። ብዙ ሰዎች ግን ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ ነገር አድርገው ስለሚያስቡ፣ በቤታቸው ውስጥ የተፈጠረውን እንቅፋት ከሩቅ አገር እንደ መጣ ይቈጥሩታል።

የቤት ውስጡ መንገድ ለምን በቀላሉ ይታወካል? የዚህ ምክንያት ከአፈጣጠሩ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን የተወሰኑ የሞገድ ክልሎች ያለ ልዩ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲውሉ ፈቀደ። በ1997 ደግሞ የመጀመሪያው የዋይፋይ የአሠራር ደንብ ወጣ። ዛሬ ራውተሮች በብዛት የሚሠሩት በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ የሞገድ ክልሎች ነው። ፈቃድ የማይጠየቅበት ስለ ሆነ ማንም ሰው በነጻ ይጠቀምበታል፤ ማንም ሰው ስለሚጠቀምበት ደግሞ ይጨናነቃል። የጎረቤታችሁ ራውተር፣ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫችሁ፣ ምግብ የሚያሞቀው የማይክሮዌቭ ምድጃ ሳይቀር በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሠራሉ። የ2.4 ሞገድ ግድግዳን ዘልቆ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ አነስተኛ ነው፤ ተሻሚውም ብዙ ነው። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ በአንጻሩ ፈጣንና የተሻለ ጸጥታ ያለው ሲሆን ግድግዳ በቶሎ ያደክመዋል።

ከዚህ በመነሣት ስለ ራውተር አቀማመጥ ማሰብ ይቻላል። በብዙ ቤቶች ራውተሩ የሚቀመጠው በሳሎኑ ጥግ ብፌ ላይ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም አቧራ እንዳይነካው ተብሎ ዳንቴል ይለብሳል። ይህ ለዓይን ያማረ ይሆናል፤ ለመሣሪያው ግን አይስማማውም። ዳንቴሉ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹን ስለሚሸፍን ሙቀት ያፍነዋል፤ ቴሌቪዥኑም ሞገዱን ይከልለዋል። ራውተር በቤቱ መካከል፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ፊቱ ሳይሸፈን ቢቀመጥ ይመረጣል። ከማቀዝቀዣ፣ ከብረት በር፣ ከትልቅ መስተዋትና ከውሃ በርሜል መራቅ አለበት፤ ብረት ሞገድን ይመልሳል፤ ውሃ ደግሞ ይመጠዋል። ብረት የተዋቀረበት የኮንክሪት ግድግዳና ቆርቆሮም ከእንጨት ግድግዳ ይልቅ ይከላከላሉ። ነገር ግን ራውተራችሁ ሲም ካርድ የሚገባበትና ከአንቴና ማማ የሚቀበል ዓይነት ከሆነ፣ የመጀመሪያ ጉዳዩ ከማማው ጋር መገናኘት ስለ ሆነ ወደ መስኮት ቀረብ ይበል።

ገመዶቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። መስመራችሁ የመዳብ ከሆነ፣ የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የሚለየው ማጣሪያ በሚገባ መግባቱን ተመልከቱ፤ ያለ ማጣሪያ የተሰካ ስልክ መስመሩን ያውካል። መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ ክሩን አታጥፉት፤ ብርሃን በጠባብ መታጠፊያ ላይ ይባክናል። በመሣሪያው ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት በቀይ ከበራ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነውና ለኩባንያው ማስታወቅ ያስፈልጋል። የክሩን ጫፍ ፈትቶ በዓይን ማየት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሚያልፍበት ብርሃን በዓይን የማይታይ ቢሆንም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ መሣሪያውን ከሶኬቱ ንቀሉት፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ሊዋዥቅ ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ ሰኩት።

ከዚህ ቀጥሎ የይለፍ ቃል ጉዳይ ይመጣል። ራውተር ሁለት የይለፍ ቃሎች አሉት። አንዱ ወደ ዋይፋዩ ለመግባት የሚያገለግለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የመሣሪያውን ውስጣዊ አሠራር ለመለወጥ የሚጠየቀው ነው። ይህ ሁለተኛው በብዙ ቤት ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይቀራል። ወደ ውስጣዊው ገጽ የሚያስገባው አድራሻ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም ይህን የመሰለ ቁጥር ሲሆን ከመሣሪያው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በዚያ ገብታችሁ ሁለቱንም ቃሎች ለውጡ። የጥበቃውን ዓይነት ስትመርጡ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን ዳብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም በ2018 የወጣውን ዳብልዩ ፒ ኤ 3 ምረጡ። ዌፕ የተባለው የመጀመሪያው የጥበቃ ዘዴ በቀላሉ የሚሰበር መሆኑ በ2001 ስለ ተረጋገጠ ሊሠራበት አይገባም። በር ሳይዘጉ ተኝቶ «ጓዳዬ ጎደለ» ማለት እንደማያስኬድ ሁሉ፣ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን የይለፍ ቃል ይዞ ስለ ፍጥነት ማነስ ማማረርም አያስኬድም።

እንግዲህ መሣሪያው በሥርዓት ቆሟል እንበል፤ ሆኖም ፍጥነቱ ቀነሰ። አሁን ምርመራው ይጀምራል። የምርመራ ዋናው ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን መጻፍ ነው። ራውተሩን ከቦታው አንሥቶ፣ የይለፍ ቃሉን ለውጦ፣ ሁሉንም ስልክ አጥፍቶ አብርቶ «ተሻለው» የሚል ሰው የትኛው እንዳሻለው አያውቅም፤ ነገ ችግሩ ሲመለስም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የቤተ ሙከራ ትምህርት ያስተማራችሁ ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያውን አጥፍታችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ከቈያችሁ በኋላ አብሩት። ይህ ካልረዳ፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ ከመስመሩ እንዲወጡ አድርጋችሁ ኮምፒዩተራችሁን በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኙትና ፍጥነቱን ለኩ። የፍጥነት መለኪያ ገጾች በነጻ ይገኛሉ። ኮምፒዩተር ከሌላችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆናችሁ በ5 ጊጋኸርዝ ለኩ። ሁለተኛ፣ ዘወትር በምትቀመጡበት ክፍል ሆናችሁ ለኩ። ሦስተኛ፣ ይህንኑ በማለዳ፣ በቀትርና በምሽት እየደጋገማችሁ ለሦስት ቀን ያህል ለኩ። ሰዓቱን፣ ቦታውንና ቁጥሩን በደብተራችሁ አስፍሩ።

ቁጥሩን ስታነቡ ግን አንድ ነገር አትዘንጉ። ኩባንያዎች ፍጥነትን የሚሸጡት በሜጋቢት ነው፤ የፋይል መጠን የሚነገረው ግን በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር፣ ምንም ሳይጓደልበት ቢሠራ፣ 100 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ለማውረድ 80 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በ10 ሴኮንድ ያልቃል ብሎ የጠበቀ ሰው ያልተታለለውን ተታለልሁ ይላል። የብዙ ቤት ክርክር የሚነሣው ከመስመሩ ሳይሆን ከዚህ የሒሳብ ስሕተት ነው።

የተጻፈው ቁጥር ራሱ ይናገራል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ቤተሰብ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ገዛ እንበል። በገመድ ሲለካ 9.5 ተገኘ፤ በሳሎኑ ውስጥ በዋይፋይ 9 ተገኘ፤ ልጂቱ በምታጠናበት ከዋናው ቤት ኋላ ባለው ሰርቪስ ክፍል ግን 1 ብቻ ተገኘ። እዚህ ላይ ኩባንያው የገባውን ቃል ጠብቋል፤ ጉድለቱ በሳሎኑና በሰርቪሱ መካከል ነው። ቤተሰቡ ወንድምዬውን ሰምቶ 20 ሜጋቢት ቢገዛ፣ የሳሎኑ ፍጥነት ይጨምራል፤ ልጂቱ ግን በዚያችው በ1 ሜጋቢት አካባቢ ትቀራለች። ገንዘቡ በየወሩ ይወጣል፤ ትምህርቷ አይሻሻልም። ራውተሩን በሰርቪሱ በኩል ወዳለው መስኮት ማስጠጋት፣ ወይም አንድ ጊዜ ገዝቶ ገመድ እስከ ክፍሏ መዘርጋት ግን ችግሩን ከሥሩ ያነሣዋል። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ እንከን ስለሚሠራ ለአንድ ግቢ ከበቂ በላይ ነው።

ውጤቱ ሌላ ቢሆንስ? በገመድ የተለካው በማለዳ 9.5፣ በምሽት ግን 3 ከሆነ፣ በቤቱም ውስጥ ሌላ ተጠቃሚ ከሌለ፣ መጨናነቁ ከቤት ውጭ መሆኑን ያመለክታል። ቀንም ሌሊትም በገመድ 3 ብቻ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ራሱ መመርመር አለበት። በተለይ በመዳብ መስመር ቤቱ ከስልክ ጣቢያው በራቀ መጠን ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ያረጀና እርጥበት የገባው መጋጠሚያም ያዳክመዋል። በገመድ የሚለካው መልካም ሆኖ ፍጥነቱ የሚወርደው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙ ብቻ ከሆነ፣ መፍትሔው የቤተሰብ ስምምነት ነው። ጥራቱ ከፍ ያለ አንድ ፊልም በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል። በ10 ሜጋቢት ላይ ሁለት ሰዎች እንዲህ ያለ ፊልም እያዩ ሦስተኛው ትምህርት ልከታተል ቢል የሚተርፈው የለም። በጥናት ሰዓት የፊልሙን ጥራት ዝቅ ማድረግ ታናሽን ከመቆጣት ይሻላል።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ተማሪ የማያውቀውን መሣሪያ ቢነካካ ያበላሸዋል» ይላሉ። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ የፋይበሩን ክር መፍታት፣ በምሰሶ ላይ ያለውን መስመር መነካካት የባለሙያ ሥራ ነው። መለካት ግን መነካካት አይደለም። ሐኪም ባይሆንም ሰው የልጁን ትኩሳት ይለካል፤ ለሐኪሙም መቼ እንደ ጀመረው ይነግራል። ባለሙያውም ቢሆን «ዝም ብሎ ይዘገያል» ከሚለው ይልቅ ሰዓትና ቁጥር የያዘ ደብተር ከሚያሳየው ደንበኛ ጋር ሲሠራ ጊዜው ይቈጠብለታል።

ሌሎቹ ደግሞ «እንዲህ ያለው ምክር የኩባንያዎችን ጥፋት በተጠቃሚው ላይ ይጭናል» ብለው ይቃወማሉ። ይህኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ስለ ሆነ በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። ጥፋቱ ከቤት ውጭ የሚሆንበት ጊዜ በእርግጥ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ወለል ላይ ከተዘረጉት ገመዶች ጥቂቶቹ ተጎድተው፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚመላለሰው መረጃ መንገድ መለወጥ ነበረበት። እንዲህ ባለው ጊዜ ራውተርን ከብፌ ወደ መደርደሪያ ማዛወር ምንም አይፈይድም። ሆኖም የምርመራው ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። በቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ መርምሮ ንጹሕ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው፣ ኩባንያውን የሚጠይቅበት ጽኑ መሠረት አለው። ያልመረመረው ሰው ግን «ምናልባት ከራውተርዎ ይሆናል» የሚል አንድ መልስ አፉን ያስይዘዋል። ስለዚህ መለካት ኩባንያን ከተጠያቂነት አያድነውም፤ እንዲያውም ማምለጫ ያሳጣዋል።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ክብደት አለው። ለረጅም ዘመን የቴሌኮም አገልግሎት የሚሰጠው አንድ ድርጅት ብቻ ስለ ነበረ ተጠቃሚው ቢያማርርም ምርጫ አልነበረውም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ሁለተኛ አማራጭ መጥቷል። ምርጫ ያለው ሰው ማወዳደር ይኖርበታል፤ ለማወዳደርም መለኪያ ያስፈልገዋል። የጎረቤትን ወሬ ሰምቶ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ቤተሰብ፣ ራውተሩን እዚያው ጥግ ዳንቴሉ ሥር እስካስቀመጠው ድረስ ችግሩን ይዞት ይሄዳል።

ተማሪዎች ሆይ! ይህን ሥራ ለወንድ ልጅ ብቻ የተተወ አድርጋችሁ አትመልከቱት። ለመለካትና ለመጻፍ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው፤ ሁለቱም በጾታ አይከፈሉም። በቤታችሁ አያት ወይም ታላላቆች ካሉም ያገኛችሁትን ውጤት በጥሞና አስረዷቸው፤ ያወቃችሁትን በማወቃችሁ አትኩሩባቸው። አቤቱታ ማቅረብ ግድ ከሆነም በዚህ መጽሐፍ ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ የተማራችሁትን አስታውሱ። «አገልግሎታችሁ መጥፎ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ስሜትን ይገልጻል እንጂ ማስረጃ አያቀርብም። «በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ተዋውለን፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከምሽቱ 2 ሰዓት በገመድ ስንለካ ከ3 ሜጋቢት በላይ አላገኘንም» የሚለው ግን ስድብ የለበትም፤ ሆኖም መልስ ሳይሰጡ ማለፍ ያስቸግራል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ከፍ ያለ ፍጥነት መግዛት፣ ኩባንያ መለወጥ፣ አዲስ ራውተር ማስመጣት ሁሉም በጊዜያቸው ተገቢ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና የሦስት ቀን ትዕግሥት ያስፈልጋሉ። ዛሬ ማታ በቤታችሁ «ኢንተርኔቱ ዘገየ» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ ከወቃሾቹ ጋር ከመተባበራችሁ በፊት «የት ሆነን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ለካን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከጠፋ፣ ተነሡና ለኩ።